መንገድ ይከፈት

ሸዋረጋ አዳሙን አምስት ዓመት ጠብቃዋለች። ይህን የማያውቅ የጎንደር አውቶ ፓርኮ ሰፈር ሰው አልነበረም። ያላወቀው አዳሙ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አዳሙ የሰፈሯ ልጅ፣ ከእሷ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ የኤክስሬይ መሣሪያ የሚጠግን ወጣት ነበር። ከምሥራቅ ጀርመን የመጡት ሐኪሞች የእጁን ብልሃት አይተው ላይፕሲክ ወደምትባል ከተማቸው ለትምህርት አስላኩት። ዘመድ ወዳጅ ሊሸኘው ሲወጣ ሸዋረጋም ከእናቷ ከወይዘሮ አማረች ጋር ሄደች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። አዳሙ ሸኚውን ሁሉ ተራ በተራ እየሳመ መጣና እሷ ዘንድ ሲደርስ፣

«አምስት ዓመት ምን አላት! እኔ ሳልመጣ እንዳታገቢ» አላት እየሳቀ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እሱ የአውሮፕላኑን ደረጃ ሳይጨርስ ረስቶት ይሆናል። እሷ ግን ቃሉን ይዛ ቤቷ ገባች።

በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ይጽፍላት ነበር። እሷም ትመልሳለች፤ የቀሐ ወንዝ እንዴት እንደሞላ፣ ሲኒማ ቤቱ ምን ፊልም እንዳመጣ፣ ጎረቤታቸው የገዛው አህያ ሌሊት እየጮኸ ሰፈሩን እንዴት እንቅልፍ እንደነሳው። በሦስተኛው ዓመት የእሱ ደብዳቤ ሳሳ። በአራተኛው ለእንቁጣጣሽ አንድ ካርድ ብቻ መጣ። እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም። የባንክ ቤቱ ላቀው ሽማግሌ ሲልክ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። «ሸጋ ልጅ ነው፤ ሥራ አለው፤ ምነው?» ቢሏት እናቷ፣ «እስቲ ይቆይ» ብላ ነገሩን ቀበረችው። አዲስ አበባ ለዋና ኦፕሬተርነት ኮርስ ሁለት ጊዜ ስሟ ተጠርቶም ሁለት ጊዜ «እናቴን የሚጦርልኝ የለም» ብላ ቀረች። ወይዘሮ አማረች ግን ጉልበታቸው የጸና፣ ገበያ ወጥተው ከሴቱ ሁሉ ቀድመው የሚመለሱ ነበሩ።

አዳሙ በ1977 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተመለሰ። እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት ሲሄዱ ሸዋረጋ ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። የመጣው አዳሙ ከስቷል። ጸጉሩ በጎንና በጎን ተላጭቶ መሐሉ ብቻ ቀርቷል። የለበሰው ጥቁር ጃኬት ክንዱ ላይ ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ስጦታ አመጣ፤ ለሸዋረጋ ሰማያዊ የአንገት ሻሽ። «ደብዳቤዎችሽ ጥሩ ነበሩ» አላት። ሌላ ነገር አልጨመረም። እናቷ ወደ ቤት ሲመለሱ፣

«ምስኪን! ጃኬቱን የሚሰፋለት እንኳ አጥቶ ኖሯል። አምጪውና ልስፋለት» አሉ።

«ፋሽን ነው መሰለኝ እማዬ» አለች ሸዋረጋ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስትስለው ንግግሩ እዚያ ላይ አያልቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይላታል፤ ስለ እናቷ ይጠይቃታል፤ ይሄዳል። ቀን የሐኪም ቤቱን መሣሪያ ይጠግናል፤ ማታ ማታ ቤቱን ዘግቶ ሌላ ነገር ይሠራል። ቆይቶ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። አዳሙ ሰው ከጣላቸው ራዲዮኖች አምፕሊፋየር ሠርቷል። የቀበሌውን ኪነት ድራም መቺ፣ ክንዱ የሚባለውን ልጅና የሆስፒታሉን ልብስ አጣቢ ወልደኢየሱስን አሰባስቦ ሙዚቃ ያስጠናቸዋል። ወልደኢየሱስ ደህና ክራር ደርዳሪ ነበር፤ አሁን አራት ክር ያለው ቤዝ ጊታር ተሸክሞ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል። ምን እንደሚጫወቱ ሲጠይቁት፣ «ሙዚቃ ነው ይለኛል። ውሻ ከብረት በር ጋር ሲጣላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አዳሙ ስልክ ቤት መጣ። ሸዋረጋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየሰካች ነበር። ሙያዋ ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰውን ከሰው ታገናኛለች፤ ቀኑን ሙሉ «ይጠብቁ» ትላለች። ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል፤ ይጠብቁ፣ አዲስ አበባ አልመለሰም።

«ቅዳሜ ማታ ቀበሌ አዳራሽ እንጫወታለን። ትመጪያለሽ?» አላት።

«እኔ?»

«አንቺ ብትኖሪ ደስ ይለኛል። የምነግርሽም ነገር አለ።»

እሱ ወጥቶ ሲሄድ አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ወለላ ወንበሯን ወደ እሷ ገፋ አደረገች። «የምነግርሽ ነገር አለ አለ? ሰምቻለሁ! እኔም አብሬሽ እመጣለሁ፤ ይህንንማ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ» አለች። ሸዋረጋ የዚያን ቀን ሁለት ነጋዴዎችን አሳስታ አንዱን ከሌላው ሚስት ጋር አገናኘች።

ለመጫወት ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታከለ የማንኛውንም ዘፈን ግጥም አስቀድመው ማየት ነበረባቸው። አዳሙ አንድ ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «መንገድ ይከፈት»።

«ቀሪውስ?» አሉ ጓድ ታከለ ወረቀቱን እየገለበጡ።

«ይኸው ነው። ይደጋገማል።»

ጓድ ታከለ አሰቡበት። ያን ጊዜ ከከተማዋ የሚወጣው የአርማጭሆ መንገድ በውጊያው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ሰነባብቷል፤ መኪና በወታደር ታጅቦ ካልሆነ አይሄድም። እህል ተወደደ፤ ሰው ከዘመዱ ተቆራረጠ። መንገድ ይከፈት ማለት ታዲያ ምን ክፋት አለው? «ወቅታዊ ነው» አሉና ማህተማቸውን አሳረፉበት። አልፎም ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠሩበትን የጡሩምባ ድምፅ ማጉያ አዋሱት።

ቅዳሜ ማታ ሸዋረጋ ሰማያዊውን ሻሽ አንገቷ ላይ አሰረች። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሰዓት እላፊው ከምሽቱ አራት ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ቤቱ ያልገባ ሰው ባለበት ያድራል። እናቷ፣ «ከሦስት ሰዓት እንዳታልፊ» አሏት። አዳራሹ ሲደርሱ ሞልቷል። የኪነቱ ልጆች በማሲንቆና በአኮርዲዮን የተለመደውን ተጫወቱ። ሰዉ እስክስታውን ወረደ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ አዳሙ፣ ክንዱና ወልደኢየሱስ ወጡ።

አዳሙ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!» አለ፤ የሆነውን ማንም በቅጡ ሊናገረው አልቻለም። እሱ የያዘው ጊታር እንደ ብረት መጋዝ ጮኸ። የክንዱ እጆች ከዓይን ፈጠኑ። የጡሩምባው ማጉያ አዋጅ እንጂ ሙዚቃ ለምዶ አያውቅምና ድምፁን አንቆ፣ አሻክሮ፣ ሰው ደረት ላይ ወረወረው። የጣሪያው ቆርቆሮ በረዶ የወረደበት ይመስል ተንቀጠቀጠ። አዳሙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «መንገድ ይከፈት! መንገድ ይከፈት!» እያለ ጮኸ፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ደግሞ በድንገት ዝም አለ።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት ጓድ ታከለ ጆሯቸውን እንደያዙ፣ «አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም እኮ!»

«ሁለተኛው ይቀጥላል» አለና ያንኑ ሁለት ቃል ከመጀመሪያው በባሰ ፍጥነት ጀመረው።

ባለ ነጠላ እናቶች አማተቡና ወጡ። ጥቂት ሽማግሌዎችም «ምን ጉድ ነው እቴ!» እያሉ ተከተሏቸው። ወጣቱ ግን ወደ ፊት ፈሰሰ። በመጀመሪያ ለመሳቅ ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ። መገፋፋት ጀመሩ፤ እንደ ጠብ አይደለም፤ በጥምቀት ከታቦቱ ፊት ጎረምሳ እንደሚጋፋው ነው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እየዘለሉ። አንዱ ሲወድቅ ሦስት ሆነው ያነሱታል፤ ተነስቶ እንደገና ይገባል። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ጩኸቱ የአዳሙ ብቻ አልነበረም። ከአርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ መጥቶ መንገድ ስለተዘጋበት እናቱን ካየ ስምንት ወር የሆነው አንድ ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ እሱ ጮኸ። ወንድሟ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጥቶ የደረሰበት ያልታወቀ አንዲት ተማሪ ነበረች፤ እሷም ጮኸች። ለብሔራዊ ውትድርና ስማቸው የተጻፈ ልጆች ነበሩ፤ እነሱ ከሁሉም በላይ ጮኹ። ጓድ ታከለ ራሳቸው እግራቸውን መሬት ላይ ሲመቱ ወለላ አይታቸዋለች።

ሸዋረጋ ግድግዳውን ተደግፋ አዳሙን ታየው ነበር። እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም። ዓይኑ ከአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ከሰዉ አናት በላይ፣ ከበሩ ማዶ፣ በጣም ሩቅ የሆነ ነገር ያያል። እሷም እኮ እንዲህ ባለ ዓይን ኖራለች፤ ስልክ ቤት ተቀምጣ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እንዲህ ሩቅ ስታይ። እንዴት እንደሆነ አታውቀውም፤ እግሯ ከግድግዳው ተላቀቀ። ወለላ «የት ነው?» ስትላት አልመለሰችም። ከሚጋፋው ሰው መሐል ገባች።

አንድ ትከሻ ወደ ግራ ወሰዳት፤ ሌላው ወደ ቀኝ መለሳት። መጀመሪያ ፈራች፤ ቀጥሎ መፍራት የምትችልበት ፋታ አጣች። አፏን ከፈተች። ያ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብሎ «ይጠብቁ» የሚለው ድምፅዋ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ኃይል ወጣ። «መንገድ ይከፈት!» አለች። ራሷን አልሰማችም፤ ጉሮሮዋ ሲቃጠል ግን ተሰማት። ደግማ ጮኸች። የአንዱ ክርን ከንፈሯን መታትና ደም ቀመሰች። የመታት ልጅ ደንግጦ «ይቅርታ እታለም!» ሲላት እየሳቀች ወደ ውስጥ ገፋችው።

ስንት ዘፈን እንደተጫወቱ የቆጠረ የለም። ሦስት ሰዓት አለፈ። ማንም ሰዓቱን አላየም። ከዚያ ማጉያው የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ ጢስ አወጣ፤ የአዳራሹ መብራት ብልጭ አለና ድርግም። በጨለማው ክንዱ ድራሙን አልተወም። ሰዉም መብራት የሄደ አልመሰለውም፤ በባዶ ድምፁ ጥቂት ጮኸ፣ ዘለለ፣ ደከመ፣ አንድ በአንድ ዝም አለ። የዚያን ጊዜ የጓድ ታከለ ድምፅ ከበሩ ዘንድ ተሰማ።

«ጓዶች፣ አራት ሰዓት ሆኗል! በሩን ልቆልፍ ነው። ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ፤ እስኪነጋ ማንም አይንቀሳቀስ!»

ሁለት ፋኖስ መጣ። ሰዉ አግዳሚ ወንበሮቹን እየሳበ ተቀመጠ። ወለላ ጋቢ ተበድራ ጥግ ይዛ ወዲያው አንቀላፋች። አዳሙ መሐረቡን በውኃ አርሶ ሸዋረጋ ዘንድ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።»

ከንፈሯን ጠረገላት። ይኸው፣ አለች ሸዋረጋ በሆዷ፤ ይኸው አሁን ነው የሚነግረኝ።

«እዚያም እንዲህ ነበር» አለ አዳሙ። «ላይፕሲክ። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፤ የትም አዳራሽ አይፈቀድላቸውም። አንድ ቄስ ነው ቤተ ክርስቲያኑን የከፈተላቸው።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ? እንዲህ እየጮኹ?»

«ቄሱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያስገባን።»

«እዚህ ቢሆን በመቋሚያ ነበር የሚሉህ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ አዳሙ መሐረቡን በእጁ ጠቀለለው።

«እዚያ ነው ካሪንን ያገኘኋት። ድራም ትመታ ነበር» አለ። «ልጅ አለችን ሸዋ። ሦስት ዓመቷ ነው። አልማዝ አልናት፣ በእናቴ ስም።»

ሸዋረጋ ፋኖሱን አየች። ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ ጥቁር እያበጀ ነበር። የምትናገረው ነገር ፈለገችና መጀመሪያ ያገኘችውን ተናገረች።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«እመለሳለሁ ብዬ ፈርሜ ነዋ የሄድኩት። ትምህርቴ ሲያልቅ መኖሪያ ፈቃዴም አለቀ። እንጋባ ብለን አመለከትን፤ በእነሱም በኩል በእኛም በኩል አይሆንም ተባለ። ካሪንና ልጅቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። ልጅቱ የምመለስ መስሏት ቻው ቻው ትለኝ ነበር።»

«ይህንን ለእኔ አልጻፍክልኝም። በየወሩ እየጻፍኩልህ አንድ ቃል አልነገርከኝም።»

«ፈራሁ። አንቺ ስለ ቀሐ፣ ስለዚያ ስለ አህያው ስትጽፊልኝ ደብዳቤሽን ይዤ ጎንደር እገባ ነበር። የኔን ከነገርኩሽ መጻፍ የምትተዪ መሰለኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «እዚያ ሳለሁ ጎንደር ትናፍቀኝ ነበር፤ እዚህ መጥቼ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

የምነግርሽ ነገር አለ ያላት ይኸው ኖሯል። ሸዋረጋ ዝም ልትል ትችል ነበር። አምስት ዓመት ዝም ያለች ሴት አንድ ሌሊት መጨመር አያቅታትም። ነገር ግን ጉሮሮዋ ገና ትኩስ ነበር።

«አዳሙ፣ እኔኮ ስጠብቅህ ነበር» አለች። «ሳልመጣ እንዳታገቢ ብለኸኝ ነበር። አዘዞ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

አዳሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንድ ሰው በእንቅልፉ ያንኮራፋል፤ ውጭ የጠባቂዎች ጫማ እየራቀ ይሰማል።

«አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «ልዋሽሽ አልችልም ሸዋ፣ ማለቴን እንኳ አላስታውስም። ስመጣ ግን እናትሽ ሲያዩኝ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

ያኔ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ ነው። እሱም ሊያባብላት አልሞከረም፤ ተነስቶም አልሄደም። እንዲሁ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ነጋ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጓድ ታከለ በሩን ከፈቱ፤ ሰዉ በብርዱ እየተንዘፈዘፈ በየፊናው ተበተነ።

እናቷ በር ላይ ቆመው ነበር። ከንፈሯ ማበጡን አዩ፤ ዓይኗ ማበጡንም አዩ።

«ልጅ አለው እማዬ። እዚያ።»

ወይዘሮ አማረች ለብ ያለ ውኃ አመጡና እግሯን ያጥቧት ጀመር። «ይኸን ያህል ዘመን!» አሉ እያጠቡ። «ይኸን ያህል ዘመን እኔም አብሬሽ ጠብቄው ነበር እኮ።»

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ አዳሙ እንደገና ስልክ ቤት መጣ። ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤ ከኋላው ተራ የያዘ ሰው ነበርና ድምፁን ቀነሰ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። አንቺን መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።» ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አሳለፈላት። የዚያ የቄሱ ቤት ስልክ ነው፤ ካሪንና ልጅቱ የሚኖሩት እሱ ዘንድ ነው።

ሸዋረጋ ወረቀቱን ይዛ ቆየች። ቢሆንላት ቀድዳ ብትጥለው በወደደች። ከዚያ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ውጭ አገር መደወል ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በኩል ነው፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ መስመሩ ይጠፋል፤ እንደገና ይያዛል። ዘጠኝ ቀን ሞከረች። በራሷ የእረፍት ሰዓት ሁሉ እየገባች ሞከረች። በአሥረኛው ቀን የሩቅ ሰው ድምፅ በማዳመጫዋ ውስጥ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ በጀርመንኛ ተናገሩ። «ይጠብቁ» አለቻቸው፤ ባይገባቸውም። ከሆስፒታሉ እየሮጠ የመጣውን አዳሙን ሁለት ቁጥር የመነጋገሪያ ሳጥን ውስጥ አስገባችውና ገመዱን ሰካች።

መስመሩ መያያዙን ለማረጋገጥ ማዳመጥ ነበረባት፤ ደንቡ ነው። የሴት ድምፅ ሰማች፤ ሴትዮዋ ታለቅሳለች። ቀጥሎ ቀጭን የሕፃን ድምፅ መጣ። «ደህና ነሽ?» አለች ሕፃኗ በአማርኛ። አባቷ ሲያስተምራት «ደህና ነሽ?» ይላት ስለነበር ለወንድ ደህና ነህ እንደሚባል የምታውቅበት መንገድ የላትም።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አለ አዳሙ።

ሸዋረጋ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ወለላ ቀና ብላ አየቻት፤ ሸዋረጋ አልተንቀሳቀሰችም። አለቃቸው በመስኮቱ አልፈው፣ «ሁለት ቁጥር አልጨረሰም?» ሲሉ፣ «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ጌታዬ፤ እያስተካከልኩ ነው» አለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ተነጋገሩ።

አዳሙ ሲወጣ ሊያመሰግናት መስኮቱ ዘንድ መጣ። እጁን በቀዳዳው አሾልኮ እጇን ጨበጠ፤ ሄደ። ሸዋረጋ ያን ጊዜ ቅናት ይሰማኛል ብላ ፈርታ ነበር። የተሰማት ሌላ ነው። እሱ የሚጮህለት ሰው አለው። በዓለም ጫፍም ቢሆን አንዲት ልጅ ደህና ነሽ ትለዋለች። እሷስ ያን ሌሊት እንዲያ ስትጮህ ማንን ነበር የምትጣራው? አዳሙን ነው ብላ ነበር፤ አሁን ስታስበው እሱ ከፊቷ ቆሞ ጊታር ይመታ ነበር እኮ።

በየካቲት ለሦስተኛ ጊዜ ስሟ ለኮርሱ ተጠራ። አለቃዋ የምትመልሰውን ስለሚያውቁ «እንደ ልማድሽ ትቀሪያለሽ አይደል?» ብለው ስሟን ሊሰርዙ እስክሪብቶ አነሱ።

«እሄዳለሁ» አለች።

እናቷ ሦስት ቀን አኮረፉ፤ በአራተኛው ቀን በሶ ፈጭተው ቋጠሩላት። አዳሙና ወልደኢየሱስ ሻንጣዋን አውቶብስ ድረስ ተሸከሙላት። ክንዱ አልነበረም፤ በጥር ለውትድርና ተወስዶ ነበርና ያ ባንድ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ቀረ። አዳሙ ወደ ልጁ እንዲመለስ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለመሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ያስገባል። መልስ የለም። አውቶብሱ አዘዞን አልፎ ጠዳ ሲደርስ ሸዋረጋ አልቅሳ ጨርሳ ነበር፤ አጠገቧ ከተቀመጡ ሴትዮ ጋር በሶውን ተካፈለች።

አዲስ አበባ ኮርሱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር አብረዋት የሚማሩ ሴቶች አንድ ቅዳሜ ምሽት ሆቴል ወሰዷት። ባንዱ ባለ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ነፊዎቹ ብቻ አራት ናቸው። የሚያምር፣ ዝግ ያለ ዘፈን ይጫወታሉ። ሰዉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በልኩ ይወዛወዛል። አንድ ጨዋ ሰው መጥቶ «ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ጎንበስ አለላት። የውኃ ልማት መሐንዲስ ነኝ አላት። ተነሳች። እጁ ሞቃት ነው፤ እግሯን አንድ ጊዜ እንኳ አልረገጣትም። ከየት እንደመጣች ጠየቃት፤ ከጎንደር አለችው። «ጎንደር! ደግ አገር» አላት፤ ሳቅ አለች።

እየደነሱ ሳለ ግን ትከሻዋ የሆነ ነገር ይጠብቅ ነበር። በቀኝም በግራም ማንም አልነካትም። በዚያ ሁሉ በሚያምር ሙዚቃ መሐል የሚገፋት ሰው ናፈቃት፤ ወድቃ ሦስት ሆነው የሚያነሷት ናፈቋት። ዘፈኑ ሲያልቅ መሐንዲሱን አመስግና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

«ጥሩ ነው አይደል?» አለቻት አንዷ።

«በጣም» አለች ሸዋረጋ። «ዝም ብሎ ትንሽ ቀሰስ አለብኝ እንጂ።»

ሴቶቹ ሳቁባት። መሐንዲሱ ከማዶ ሆኖ በሚቀጥለውም ዘፈን እንደሚመጣ በዓይኑ ጠየቃት፤ ጥቂት አሰበችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀችለት።